ሳይሰቀሉ የተቀቡ በሮች

አናጺው በሮቹን በፒካፕ ጭኖ ያመጣቸው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። አምስት ናቸው፤ ቀለም ያልነካቸው፣ ገና እንጨት እንጨት የሚሸቱ። አንድ በአንድ አውርዶ ከግድግዳው ጋር አስደገፋቸውና እጁን በሱሪው ጠረገ።

«እህቴ፣ አሁኑኑ ልስቀላቸው ወይስ መጀመሪያ ይቀቡ?» አለኝ።

ቤት ሳሰናዳ የመጀመሪያዬ ነው። ቃሊቲ በእጣ የደረሰኝ ኮንዶሚኒየም ከውጭው በር በቀር አንድም በር አልነበረውም፤ ክፍሎቹን የተረከብኳቸው አፋቸውን እንደከፈቱ ነው። ስቀላቸው ልለው ስል ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«አስተኛቸው።»

ዞር አልኩ። አባቴ ነው። ከፎቁ ጥላ ሥር ባስቀመጥኩለት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ ተቀምጧል።

«ምን አልክ አባዬ?»

«አስ… ተኛቸው» አለና ግራ እጁን፣ መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ፣ አየሩ ላይ ዘረጋው።

አናጺው ወዲያው ገባው። «ልክ ብለዋል አባቴ። ተኝተው ሲቀቡ ቀለሙ አይንጠባጠብም» አለ፤ ከግቢው ጥግ ብሎኬት ያመጣ ጀመር።

እኔ ግን ባለሁበት ቀረሁ። አባቴ ከታመመ ወዲህ ማንም ሳይጠይቀው ሲናገር ያን ቀን ገና መስማቴ ነበር።

አባቴ ዕድሜውን የፈጀው ከባድ መኪና መሪ ላይ ነው፤ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። ልጅ ሳለሁ አባት ማለት ለእኔ የሚመጣና የሚሄድ ሰው ነው። ይመጣል፣ ይተኛል፣ ከጋቢናው ውስጥ ቴምር አውጥቶ ይሰጠኛል፣ መልሶ ይሄዳል። ጡረታ ወጥቶ ቤት መዋል ሲጀምር «አሁንስ ልንተዋወቅ ነው» ብዬ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀና ማለት አቃተው። ስትሮክ ነው አሉን። ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ እጁ ግን አልታዘዝ አለው፣ ቀኝ እግሩ ተጎተተ፣ ቃላቱም እንደ ልቡ አልወጣ አሉት።

እናቴ ያኔ መቀነቷን አጠበቀች። ታጎርሰዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ጺሙን ሳይቀር የምትላጨው እሷ ናት። ብርጭቆ ሊያነሳ እጁን ሲሰነዝር ቀድማ አንስታ ከአፉ ታደርስለታለች። «አንተ አርፈህ ተቀመጥ፤ እኔ አለሁልህ» ነው ቃሏ። ፍቅር ነው፤ ማን ይክደዋል። ግን አባቴ እዚያ ፍቅር ውስጥ ተቀምጦ ከቀን ወደ ቀን ሲያንስ ይታየኝ ነበር። መጀመሪያ መጠየቅ ተወ። ከዚያ መመለስም ተወ። ያመጡለትን ይበላል፣ ያለበሱትን ይለብሳል፣ ቴሌቪዥን ከፍተው ካስቀመጡት እዚያው ነው።

ቤታቸው ሳሪስ አቦ ነው፤ ከአስፋልቱ ቁልቁል የሚወርድ፣ ዝናብ ሲመታው ለጤነኛም የሚያንሸራትት ጠባብ መንገድ መጨረሻ ላይ። አባቴ ከታመመ ወዲህ ያን ዳገት ወጥቶ መንገድ ያየው ለሐኪም ሲሆን ብቻ ነው። እጣው የወጣልኝ ምድር ቤት መሆኑን የሰሙ ጓደኞቼ «ምነው ፎቁን በሰጠሽ! ምድር ላይ ጫጫታው፣ አቧራው» እያሉ አዘኑልኝ፤ እኔ በልቤ እልል ነው ያልኩት። ደረጃ የለውም። ሁለቱንም ይዤ እገባለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ያን ቅዳሜ እናቴ ለቅሶ ነበራት። አባቴን የሚጠብቀው ሰው ስለጠፋ በላዳ ይዤው መጣሁ። «ፀሐይ እንዳታስመቺው፣ ውሃ ራስሽ አጠጪው፣ ብቻውን እንዳይነሳ» እያለች እናቴ እስከ መኪናው በር ድረስ ሸኘችን።

አናጺው በሮቹን ብሎኬት ላይ አስተኝቶልኝ ሄደ። ስንጥቁን በስቱኮ መድፈን፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ማንሳት እንዳለብኝ ነግሮኝ ስለነበር እሱን ስሠራ ረፈደ። አባቴ ያየኛል። ዓይኑ ግን ቴሌቪዥን እንደሚያይበት ዓይን አልነበረም፤ እጄ የሄደበት ይሄዳል።

የቀለሙን ቆርቆሮ ከፈትኩ። ክሬም መልክ ያለው የዘይት ቀለም ነው። ብሩሹን ነክሬ የመጀመሪያውን በር ጀመርኩ። ቶሎ ልጨርስ ብዬ ስሮጥ ቀለሙ ጠርዙ ላይ ይጠራቀማል፣ ጎኑን ይዞ ይወርዳል።

«ኧረ!» አለ አባቴ።

«ምነው?»

«በከባድ… ማርሽ።»

ሳቄ መጣ። ቁልቁለት ላይ ሹፌሮች በምን እንደሚወርዱ ልጅ ሆኜ ከአፉ ሰምቼዋለሁ። ቀስ በይ ማለቱ ነው። ቀስ አልኩ። ጥቂት አየኝና ግራ እጁን ዘረጋ።

«ስጪኝ።»

«አባዬ፣ እጅህ እኮ…»

«ግራዬ አልታመመም» አለኝ። ይቺን ምንም ሳይንተባተብ ነው ያላት።

ወንበሩን እንደተቀመጠበት ጎትቼ በሩ አጠገብ አደረስኩት። ቆርቆሮውን ግራ ጎኑ ብሎኬት ላይ አስቀመጥኩለት። ብሩሹን ሲይዝ ጣቶቹ አያያዙ ጠፍቷቸው ሁለት ጊዜ አገላበጡት። የመጀመሪያው ቅብ ጠመመ። ሁለተኛውም ጠመመ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲል አየሁና ልቀበለው እጄን ሰነዘርኩ፤ መሃል ላይ ስደርስ ራሴን ያዝኩት። እናቴ ገባችኝ። የሚወዱት ሰው ሲቸገር ቆሞ ማየት እንዴት ያለ ሥራ ነው! እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ።

ደግሞ ነከረ። የብሩሹን ግማሽ ብቻ፤ ትርፉን ቆርቆሮው አፍ ላይ ጠርጎ። እንጨቱ ወደ ተዘረጋበት አቅጣጫ ከላይ እስከ ታች ሳበው። ይህኛው ቀና። ዓመት በመጣ ቁጥር የመኪናውን የጭነት ሳጥን ራሱ ይቀባ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሰፈር ውስጥ መኪናውን አቁሞ፣ የጋዜጣ ቆብ አድርጎ። ረስቼው ኖሯል።

በሩን ጨርሶ ቀና ሲል ጥላው ትቶት ሄዶ ፀሐይ ላይ ነበር። «አየሽ?» አለኝ።

«አየሁ አባዬ። ያምራል።»

«አያምርም» አለ፤ ሳቀም። «ሁለተኛ እጅ… ሲቀባ ያምራል።»

ብሩሹን እንደያዘ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። የድካም እንቅልፍ ነው፤ ሲያንኮራፋ የልጅነቴን የእረፍት ቀኖች አስታወሰኝ፤ ከመንገድ ሲመጣ እንዲሁ ነበር የሚተኛው። ቀስ ብዬ ብሩሹን ከእጁ አወጣሁ።

እናቴ ከለቅሶው በቀጥታ በባቡር መጣች። ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ግቢ ገባች። አባቴን ከነቀለሙ አየችው፤ ሱሪው ላይ፣ ሸሚዙ ላይ፣ ጉንጩ ላይ።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«ቀለም ሲቀባ ነው እማዬ።»

«የታመመ ሰው? ፀሐይ ላይ? አንቺ ልጅ ጤና የለሽም?»

አባቴ ነቃ። «ተያት» አለ።

«አንተ ደግሞ ዝም በል፣ ትደክማለህ!»

«እኔ ነኝ… የቀባሁት።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ነገም… እቀባለሁ።»

እናቴ ወደ ብሎኬቶቹ ተጠጋች። በሩን አየችው። እሱን አየችው። እንደ ልማዷ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ ጉንጩን ልትጠርግለት ጎንበስ አለችና፣ ምን እንደታያት እንጃ፣ ተወችው። በጣቷ የበሩን ጥግ አመለከተችው።

«ይኸው፣ እዚህ ጋ ዘለኸዋል» አለችው።

አባቴ ብሩሹን ከእኔ ተቀበለና የዘለለውን ሞላው።

ወደ ሳሪስ ስንመለስ አባቴ ፊት ወንበር ላይ ነበር። እናቴ ከኋላ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ብርጭቆ ሲያነሳ እንኳን ዳግመኛ የሚወድቅብኝ ይመስለኛል» አለችኝ። «አውቃለሁ እማዬ» አልኳት። እጄን ያዘችና እስከ ቤት አልለቀቀችኝም።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱና በየቅዳሜው ቃሊቲ የሦስታችንም ሆነ። እናቴ አሮጌ ካፖርቷን ለብሳ፣ ምሳ ቋጥራ ትመጣለች። እኔ አለሰልሳለሁ፣ አባቴ ይቀባል፣ እናቴ ከኋላው እየተከተለች የተንጠባጠበውን ቀለም፣ ማስለቀቂያውን አኳራጅ በነካ ጨርቅ ትጠርጋለች። አንዱ ፊት ሲደርቅ በሩን መገልበጥ የሁለት ሰው ጉልበት ይፈልጋል። ለዚያ የምትደርስልን ግቢው ውስጥ ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ነበረች፤ ከስልጤ ዞን መጥታ ቃሊቲ የከረመች፣ ፈገግታ የማይለያት ሴት። «አባባ፣ ይገልበጥልዎ?» ትላለች ከሱቋ ሆና፤ አባቴ ብሩሹን ከፍ ሲያደርግላት ደንበኛዋን ትታ ትመጣለች።

እኔና አባቴ እንደዚያ አብረን ውለን አናውቅም። ብዙ አልተጫወትንም፤ ቃል ለእሱ ገና ውድ ነበር። የሚያወጋው እናቴ ናት። አንድ ቀን የመታጠቢያ ቤቱን በር እየቀባን፣ እኔ ሕፃን ሳለሁ የሳሪሱን ቤት በር በራሷ እጅ አረንጓዴ ቀብታው እንደነበር አወራችልኝ።

«ሲመጣ ደስ ይለዋል ብዬ! አንቺን አዝዬ ነው የቀባሁት። ይኸው የአንቺ አባት ከመንገድ መጣ፣ በሩን አይቶ አለፈው! የሰው ቤት መስሎት እስከ ታች ወረደ። ጎረቤት ነው የመለሰልኝ።»

አባቴ እየሳቀ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። «ጨለማ… ነበር» አለ።

«የምን ጨለማ! ጠራራ ፀሐይ ነው!»

«አልነበረም።»

«ነበር!»

ተከራከሩ። ከታመመ ወዲህ እናቴ ስትከራከረው የሰማሁት ያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ያለውን ሁሉ «እሺ፣ እሺ የኔ ጌታ» ነበር የምትለው። ፊቷ በርቶ፣ ጨርቁን እያወናጨፈች ስትሟገተው ሳያት ምን ያህል እንደናፈቃት ገባኝ፤ ስታስታምመው የከረመችውን ሰው ሳይሆን የሚከራከራትን።

ሰኔ ገባ። በሮቹ ሁለተኛ እጅ ተቀብተው ግቢው ውስጥ እንደተኙ፣ እኔ እናትና አባቴን በሮቹ ዘንድ ትቼ ማጠፊያና እጀታ ልገዛ ሳሪስ ሄድኩ። ስወጣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ማጠፊያውን መርጬ ከሱቁ ስወጣ በቃሊቲ በኩል ጥቁር ብሏል። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ዝናቡ መስታወቱን ሲደበድበው፣ በቃ በሮቹ አለቀላቸው ብዬ ለእናቴ ደወልኩ፤ አታነሳም።

እየሮጥኩ ግቢ ገባሁ። ብሎኬቶቹ ባዶ ናቸው። የቤቱ ደጃፍ ላይ የሰው ጫማ ተከምሯል። ውስጥ ስገባ ሳሎኑ በሰው ሞልቷል፤ ባለሱቋ፣ ከላይ ፎቅ የሚኖሩት ባልና ሚስት፣ ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው ጎረቤቶች፣ ሁሉም እጃቸውን ከልብሳቸው አርቀው ይዘው ቆመዋል። መዳፋቸው ክሬም ቀለም ነው። በሮቹ ግድግዳውን ተደግፈው ዙሪያውን ቆመዋል።

«ወላሂ፣ ሰው የተገጨ ነው የመሰለኝ!» አለች ባለሱቋ እንዳየችኝ። «አባባ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ‹በሮቼ!› ብለው ጮኹ። ኧረ እንዴት ያለ ድምፅ! ይሄ ሁሉ ሰው ከላይ ድረስ ሰምቶ ነው የወረደው።»

«አባቴ ጮኸ?»

«እንዴታ! እኛ ትልልቆቹን ስናስገባ እሳቸው ትንሿ ላይ ጃኬታቸውን ዘርግተው ቆመውላታል። ይግቡ ብንላቸው በጄ አይሉም። እሷን አስገብተን ነው የገቡት።»

አባቴ ጥጉ ላይ በእናቴ ጋቢ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ፀጉሩ ርሶ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል። እናቴ በፎጣ ራሱን እያሸች ትቆጣዋለች፤ «ከበርና ከነፍስህ የቱ ነው የሚበልጥብህ? እ? የቱ?» ትለዋለች። አጠገቡ ተንበረከክሁ።

«በሮቼ አልክ አሉ፣ አባዬ።»

«የአንቺን… በሮች» አለኝ፤ አፍሮ ነው መሰለኝ ፎጣው ውስጥ ገባ።

የጎረቤቶቻችንን እጅ አንድ በአንድ በአኳራጅ ከቀለሙ አጸዳን። ባለሱቋ ሻይ አፍልታ ላከች። ሰው ሲበተን በሮቹን አየናቸው፤ እዚህ መዳፍ፣ እዚያ አራት ጣት፣ አንዱ ላይ የሹራብ ክር ሳይቀር ተጣብቋል። እኔ ልቤ ስብር አለ። አባቴ ግን ግራ እጁን አወዛወዘ።

«ይድረቅ። ከዚያ… እንፈገፍገዋለን።»

ፈገፈግነው። ዝናቡ እየባሰበት ስለዋለ ሳሎኑ ውስጥ ሆነን፣ አቧራ ለብሰን፣ ከመጀመሪያው ጀመርን። ሦስተኛ እጅ ተቀቡ።

አናጺው ሊሰቅላቸው ሲመጣ የበሮቹን ፊት በመዳፉ ዳሰሰና «ማን ቀባልሽ?» አለኝ። ወደ አባቴ አመለከትኩት። አናጺው የዚያው አካባቢ፣ የአቃቂ ገበሬዎች ልጅ ነው፤ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለው፣ አባቴም በመንገድ ሕይወቱ በለመደው ኦሮምኛ ሁለት ቃል መለሰለት። ሁለቱም ሳቁ። ምን እንደተባባሉ እስካሁን አልነገረኝም።

አራቱ በሮች መቃናቸው ውስጥ ልክክ ብለው ገቡ። የእናትና አባቴ መኝታ ቤት በር ግን አልዘጋ አለ፤ ታችኛው ጠርዙ ወለሉን ይፋቃል። አናጺው አውርዶ በመላጊያው ሲልገው የለፋንበት ቀለም ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ መሬት ወደቀ። አባቴ ይከፋዋል ብዬ ዞር ብዬ አየሁት። ቆርቆሮውን እየፈለገ ነበር።

በሩ ዳግመኛ ከተሰቀለ በኋላ ታችኛው ጠርዝ መቀባት ነበረበት። አባቴ መንበርከክ አይችልም። እናቴ ካፖርቷን ወለሉ ላይ አነጠፈችና በጎኗ ተኛች።

«አንተ እያየህ ንገረኝ» አለችው፣ ብሩሹን አስጠግታ።

«ግራ… ግራ። ሳቢው። ቁሚ! ቆርቆሮው አፍ ላይ… ጥረጊ።»

«ጠርጌያለሁ።»

«አልጠረግሽም።»

«አንተ ሹፌር፣ እኔ ረዳት ሆንኩልህ አይደል?» አለችው ከወለሉ ቀና ብላ፣ አፍንጫዋ ላይ ክሬም ነጥብ ይዛ። አባቴ ከወንበሩ ሆኖ ወደ እሷ ያይ ነበር፤ ቀና ብዬ ሳየው አፍሮ ፊቱን አዞረ። ኩሽና የምሠራው ያለኝ መስዬ ወጣሁላቸው።

ክረምቱ ሳይወጣ ሦስታችንም ገባን። የአባቴ ቀኝ እጅ አልተመለሰለትም፤ ሐኪሙም ይመለሳል አላለንም። እግሩ አሁንም ይጎተታል። ግን ጺሙን በግራው ይላጫል፤ እየቆረጠውም ቢሆን። ሻዩን ራሱ ያነሳል፣ እናቴም እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ታየዋለች፤ ሲንቀጠቀጥበት ከንፈሯን ትነክሳለች እንጂ አትነሳም። ቃላቱ ጨምረዋል። ካልደከመው አንድ ታሪክ ጀምሮ ይጨርሳል። ስለ አዋሽ ሙቀት፣ በጅቡቲ ድንበር ስላለው የደወሌ ጠዋት፣ ልጅ ሆኜ ያላወራልኝን ሁሉ አሁን በትንሽ በትንሹ ያወራልኛል።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ቤት ማንም የለም። ደንግጬ ወደ ግቢው ወጣሁ። ባለሱቋ የሱቋን የእንጨት በር ነቅላ ብሎኬት ላይ አስተኝታዋለች፤ ሰማያዊ ነው የመረጠችው። አባቴ የፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይቀባል፣ እናቴ ቆርቆሮውን ይዛለታለች፣ ባለሱቋ ደግሞ ሳሙና ሊገዛ የመጣን ሰው በመስኮቱ በኩል ታስተናግዳለች።

«ጆሮህም ላይ አለ» አለችው እናቴ፣ ጨርቁን አኳራጅ እየነካች።

«ተይው፤ ያቃጥላል።»

«አያቃጥልም። ወዲህ በል።»

ጆሮውን ሰጣት፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ብሩሹን ከበሩ አርቆ።